በሬው ሳይሸጥ

በላስታና በዋግ ተራሮች ድርቅ ያገኘው ቤት ያለውን የሚሸጠው በተራ ነው። አስቀድሞ ዶሮና ፍየል ይወጣል፤ ቀጥሎ ጊደሯ። በሬው የሚነካው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገበያው ሻጭ ብቻ ይሆናል። ሁሉም ከብቱን ነድቶ ስለሚወርድ የበሬ ዋጋ ይወድቃል፤ እህል የሚያወጣ ስለሌለ የማሽላው ዋጋ ይሰቀላል። ገበሬው በሁለቱም ተጎድቶ ጥቂት እህል በአህያ ጭኖ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሰኔ ክረምቱ ቢሰምርም የሚያርስበት ጥማድ የለውም። አንድ በሬ ቢቀረው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ምንም ካልቀረው ግን መሬቱን ለባለበሬ የእኩል ሰጥቶ፣ ከገዛ ማሳው ግማሹን ምርት ይዞ ይገባል። ዝናቡ ቢመለስም ያ ቤት ከድርቁ አልወጣም።

መንግሥት ለተጎዳ ገበሬ ስለሚከፍለው ገንዘብ ሳስብ ሐሳቤ ሁልጊዜ የሚያርፈው በዚህ በሬ ላይ ነው። ገንዘቡ በሬው ከመሸጡ በፊት ደረሰ ወይስ በኋላ? ያው ብር፣ ያው ስንዴ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ ሌላ ነገር ይሆናል። ቀድሞ ከደረሰ እርሻውንም ያድናል፤ ከዘገየ ነፍስ ብቻ። ነፍስ ማዳን ትንሽ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ነፍሱ የተረፈለት ሰው በየዓመቱ ተመልሶ ተረጂ ሲሆን ማየት ያስጨንቃል።

ለብዙ ዓመታት አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ጥናት ይካሄዳል፤ ለለጋሾች ጥሪ ይቀርባል፤ ስንዴው ባሕር ተሻግሮ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ወረዳ ሲደርስ በሬው ሄዷል። በ1995 ዓ.ም. የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር 13 ሚሊዮን ገደማ ሲደርስ ነገሩ በዚህ መቀጠል እንደሌለበት ታመነ። በ1997 ዓ.ም. ገበሬው «ሴፍቲኔት» የሚለው ፕሮግራም በመንግሥትና በለጋሾች ተጀመረ። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ክፍያው አስቀድሞ መታወቁ ነው። እህል በየዓመቱ የሚጎድለው ቤት ድርቅ እስኪታወጅ አይጠብቅም፤ ስሙ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ተለይቶ ይመዘገባል፤ ጎተራው በሚራቆትበት ወቅት ለስድስት ወር ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል። አቅም ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፤ አቅመ ደካማውና ነፍሰ ጡሯ ሳይሠሩ ይሰጣቸዋል። ገበሬ የሚመጣለትን ካወቀ በሬውን ይዞ ይታገሣል። ከፋዩ በመጋቢት እንደሚመጣ እርግጠኛ የሆነ አባወራ በየካቲት ከብት ገበያ አይወርድም።

ይህ እርግጠኝነት ግን በቀላሉ ይሰበራል። የቀን ክፍያው ሲጀመር 6 ብር ነበር፤ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ወደ 8 ብር ከፍ ቢደረግም ገበያው ጥሎት ሄደ። ያን ጊዜ ብዙዎች ገንዘቡ ይቅርና እህል ይሰጠን አሉ። ልክ ነበሩ። እህል በእጁ የሚቀበል ሰው የዋጋው መናር አያገኘውም፤ ብር የሚቀበለው ግን ብቻውን ይሸከመዋል።

መዘግየቱም አለ። ገበሬው በጥር ድንጋይ ሲደረድር የዋለበት ቀን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ይደመራል፣ ይፈረማል፣ ገንዘቡ ከላይ እስኪለቀቅ ይጠበቃል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳምንት፣ ሌላው ላይ ሌላ ሳምንት። ማንም ክፉ አላሰበም። ቤቱ ግን እስከዚያ ከነጋዴ ተበድሮ በልቷል፤ አባወራው ጣቱን አትሞ የተቀበለውን ብር እዚያው ከፋዩ ደጃፍ ላይ ለአበዳሪው ይቆጥርለታል። አበዳሪ ያጣው ደግሞ በሬውን ነድቷል።

ሪፖርት ሲጻፍ የተከፈለው ብርና የተሰራጨው ኩንታል ይደመራል። ከድምሩ ጎን ሁለት ነገር ተጽፎ ባይ እወዳለሁ፤ ክፍያው የደረሰበት ሳምንት፣ እንዲሁም በሰኔ ከዚያ ቀበሌ ለእርሻ የወጣው ጥማድ ብዛት።