ሰውነትን መጠበቅ ራስን መውደድ ነውን?

«የሞት ቀን አይታወቅም፤ የወደድሁትን ብበላ፥ ትምባሆም ባጤስ የምጎዳው ራሴን ነው፤ ማንን በደልሁ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰውነቱን የሚጠነቀቀውንም ራሱን ወዳድ ይሉታል። ይህ አነጋገር እውነት እንደ ሆነ እንመርምር።

በፊንላንድ ምሥራቅ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል አውራጃ አለ። ሕዝቡ እንጨት በመቍረጥና ከብት በማርባት የኖረ፥ ታታሪ ነው። ነገር ግን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ገና በጕልማሳነታቸው በልብ ሕመም የሚሞቱት ወንዶች እጅግ በዙ። ቢመረመር ቅቤና ጨው የበዛበት ምግብ፥ ትምባሆም ዋና ምክንያት ሆነው ተገኙ። ስቡ በደም ሥር ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተከማቸ መንገዱን ያጠብባል፤ ጨው የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ትምባሆም ሥሩን ይጐዳል። ሟቹ ራሱን ብቻ የጐዳ ቢመስለውም፥ ሥራውና ያላደጉ ልጆቹ በሚስቱ ጫንቃ ላይ ቀሩ። እንግዲህ የሰው ልብ የባለቤቱ ብቻ አይደለም።

በ1971 ያገሩ ሰዎች መንግሥታቸው እንዲረዳቸው ለመኑ፤ በ1972ም ዶክተር ፔካ ፑስካ የመሩት ሥራ ተጀመረ። ሥራው በሽተኛውን በመምከር ብቻ አልተወሰነም። ማርታ የተባለው የሴቶች ማኅበር ስቡን ቀንሶ አትክልት የጨመረበትን ምግብ እየሠራ ጎረቤቱን አቀመሰ፤ ምግብ ሠሪዎችም ስብና ጨው እንዲቀንሱ ተጠየቁ። በ40 ዓመት ውስጥ በዚህ ሕመም ያለ ዕድሜያቸው የሚሞቱት ወንዶች ቍጥር ከመቶው 80 እጅ ያህል ቀነሰ።

የተጠነቀቀ ሁሉ አይታመምም ማለት አይደለም። ነገር ግን ዝናቡ የሚጥልበት ቀን አይታወቅም ብሎ ቤቱን ሳይከድን የሚተው ማን ነው?

ደግሞም የታመመውን «በራስህ አመጣኸው» ብሎ መውቀስ አይገባም። ልማድን ሰው ብቻውን አያበጀውም፤ ማዕዱን ያቀረበለት ሌላ ነውና። በአገራችንም ጋባዥ የጠገበውን እንግዳ «በሞቴ!» እያለ ያጐርሰዋል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም በራሱ ሞት እየማለ የወዳጁን ሞት እንዳያቀርብ ያስብ። ጨውን መቀነስ፥ ከወዳጅ ጋር በእግር መሄድ፥ «በቃኝ» ያለውን እንግዳ ማክበር፥ እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሰውነቱን የሚጠብቅ ለሚወዱት ሰዎች ዕዳውን የሚከፍል ነው፤ የባልንጀራውን ልማድ የሚያቀናለትም ከዕዳው አብልጦ ከፈለ።