እንቁላል ያቆመች ዶሮ

በጓሮ ያለች ዶሮ አርጅታ እንቁላል መጣል ስታቆም «እንግዲህ ምን ትሠራልናለች?» ማለታችን አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጥሬ በነጻ አይገኝምና። ይሁን እንጂ ሥራዋን በእንቁላል ብቻ መቁጠራችን ትክክል ነውን?

ጎመኑ ከተነሣ በኋላ መደቡን እየጫረች ትሉንና የአረሙን ዘር የምትለቅመው እርሷ ናት። (ችግኝ ላይ ከገባች ግን ወዮልን!) ኩሷም በናይትሮጅን የበለጸገ ነው። ትኩሱን ብንጨምረው ሥር ያቃጥላል፤ በሽታም ያመጣል። ስለዚህ ከገለባና ከደረቅ ቅጠል ጋር ደራርበን፣ ውኃ እያርከፈከፍን እናገላብጠዋለን። በደንብ የተሠራ ክምር ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ከወራት በኋላ ሽታው ጠፍቶ ጥቁር አፈር ይመስላል። ያረጀችው ዶሮም እንዲህ አድርጋ ጎመናችንን ትመግባለች።

ሆኖም ይህ መልስ አያረካንም። ኩሷን ቆጥረን ብናኖራት፣ ያው በጥቅም መዘንናት ማለት ነው። ኩሷስ ባይኖር? ዶሮ አርዶ መብላት ነውር ነው አንልም፤ ለፋሲካ ማን ይተዋታል! የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው፦ እንቁላል አቆመች ብሎ ከመታረዷ በፊት በረኀብ መቅጣትን። ቢላዋው እስኪመጣ ድረስ ጥሬዋና ውኃዋ እንደ ቄቦቹ ይሰጣት።