የበገናው ንዝረትና የዲናሞው ፉጨት

ሰው በልቡናው የሚሰማውን ድምፅ «ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ያኛው ግን የራሴ ምኞት ነው» ብሎ የሚለየው በምን ምልክት ነው? ይህ ጥያቄ መነኮሳትን በየገዳሙ፣ ሊቃውንትን በየጉባኤ ቤቱ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው፤ እኔም ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በሆነው በማር ይስሐቅ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስፈልገው ከቆየሁ በኋላ፣ ባላሰብሁት ቦታ፣ ይኸውም በላፍቶ መንገድ ዳር በአንድ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የጥያቄውን ግማሽ እንኳ የተረዳሁት ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ከሥራ ስመለስ በመኪናዬ ውስጥ የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን በገና መስማት ልማዴ ስለ ሆነ፣ የአሮጌዋ ኮሮላዬ ስፒከሮች የወፍራሙን አውታር ድምፅ አልሸከም ቢሉ አምፕሊፋየር ገዝቼ በአንድ ሱቅ አስገጠምሁ። ድምፁ በእርግጥ ጎላ፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከበገናው ጋር አንድ ቀጭን ፉጨት አብሮ ይሰማ ጀመር። ወደ ሱቁ ብመለስ «ፊልተር» የሚሉትን ትንሽ ዕቃ ጨመሩልኝ፤ ፉጨቱም ጥቂት ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

በመጨረሻ የሄድሁበት የላፍቶው ወጣት ኤሌትሪክ ሠራተኛ መኪናይቱን ከመንካቱ በፊት ጥቂት አዳምጦ፣ «ጋሼ፣ ይኼ የሚነዝረው ከመዝሙሩ ነው ወይስ ከመኪናው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚገባ ነበር። በገና ከበግ አንጀት የተሠሩ ዐሥር አውታሮች ያሉት መሣሪያ ሲሆን፣ አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማና በአውታሩ መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባበት፣ ድምፁ ጥርት ብሎ በመውጣት ፈንታ እየነዘረ ይወጣል። ልማዱን የማያውቅ ጆሮ ስፒከሩ የተቀደደ ይመስለዋል፤ ለእኛ ግን ያ ንዝረት ከተወሰደበት በገናው በገና አይደለም። እንግዲህ ሁከት የሚባለው የድምፁ ሻካራነት አይደለም፤ በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት ንዝረቶች አንደኛው ጸሎት፣ ሁለተኛው ብክለት ሊሆኑ ይችላሉና።

«እስኪ ቤንዚን ይስጡት» አለኝ። ፔዳሉን ስረግጠው ፉጨቱ ሽቅብ ወጣ፤ ስለቀው ቁልቁል ወረደ፤ የበገናው ንዝረት ግን እግሬን ከቁም ነገር ሳይቈጥር በራሱ እርጋታ ቀጠለ። «ይኸው ጋሼ፣ እግርዎን የሚከተለው የዲናሞው ነው፤ የማይከተለው የበገናው ነው።»

ከዚያም መቀመጫውን አንሥቶ ምንጩን አሳየኝ። «ማሳው ሁለት ቦታ ታስሯል» አለ፤ ማሳ የሚሉት ኤሌትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ማሰሪያ ነው። ሬዲዮው ከዳሽቦርዱ ሥር ካለው ብረት፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ካለ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ታስረው ነበር፤ የመኪና አካል አንድ ብረት ቢመስልም፣ ዲናሞው የሚያመነጨው ኤሌትሪክ ሲመላለስበት በሁለቱ ቦታዎች መካከል ጥቂት የቮልት ልዩነት ይፈጠራል፤ ያም ልዩነት መተላለፊያ ሲፈልግ፣ ድምፅን ከሬዲዮው ወደ አምፕሊፋየሩ በሚወስደው ቀጭን ገመድ ልባስ በኩል ይገባል። ከሬዲዮው የሚወጣው ድምፅ 2 ቮልት፣ ልዩነቱ 20 ሚሊ ቮልት ቢሆን፣ ሁከቱ መቶኛ እጅ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በገናው ዝግ ባለበት ቅጽበት ያ መቶኛ እጅ ብቻውን ቀርቶ ይጮኻል፤ አምፕሊፋየር የመጣለትን ሁሉ ያጎላል እንጂ መምረጥ አያውቅምና።

ወጣቱ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ብረቱን እንደ መስተዋት አበራው፤ ማሳውን በአጭርና በወፍራም ሽቦ በቡሎን አጠበቀው፤ የሬዲዮውንም ማሳ ወደዚያው ወደ አንዱ ቦታ አመጣው። ከባትሪው የሚመጣው የኤሌትሪክ ሽቦ ከድምፁ ገመድ ጋር ተጣብቆ ሲሄድ ስላገኘው፣ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አደረገ። ፊልተሩን ፈትቶ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ፉጨቱን ይሸፍነው ነበር እንጂ መነሻውን አልነካውም ነበርና።

በዚያ በርጩማ ላይ ሳለሁ ነቢዩ ኤልያስ ትዝ አለኝ። በቀርሜሎስ የበኣል ነቢያት ከጠዋት እስከ ቀትር ሲጮኹ ኤልያስ ድምፃቸውን እንዲጨምሩ እየነገረ ዘበተባቸው፤ በኮሬብ ግን እርሱ ራሱ የሰማው ድምፅ ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ የመጣ ዝግተኛ ድምፅ ነበር። ስለዚህ ታሪክ ሲሰበክ የሚጎላው የድምፁ ማነስ ነው። እኔን ግን ያስደነቀኝ ሌላው ነው፤ ኤልያስ ከድምፁ በፊትም ሆነ በኋላ ያቀረበው ምሬት ቃል በቃል አንድ ሲሆን፣ ድምፁ ግን ምሬቱን ተከትሎ አልወጣም፣ አልወረደም፤ ወደ መጣበት መንገድ እንዲመለስ አዘዘው እንጂ። እሳትም ቢሆን፣ ሙሴ ያየው ቍጥቋጦ በሙሴ ስሜት መጠን አልነደደም።

ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ልፈርድ አይደለም። ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ምክንያት ሦስት ዓመት ሳንነጋገር ስንኖር፣ «እውነት ነው የሚያናግረኝ፣ ፍትሕን እንድተው እግዚአብሔር አይወድም» እያልሁ ነበር። ያ የእውነት ድምፅ ያልሁት ግን በተቈጣሁ ቀን ይጎላ፣ ጠግቤ በተኛሁ ሌሊት ይጠፋ ነበር፤ ፔዳሉን የምረግጠው እኔ ነበርሁ። ጾምና ስግደት ብጨምርበትም ፊልተር ሆኑልኝ እንጂ አላዳኑኝም፤ አንዱን እግሬን በወንጌል ላይ፣ ሌላውን በርስቱ ላይ አቁሜ ነበርና። አባቶች አርምሞ የሚሉት ከንፈርን መዝጋት ብቻ መስሎኝ ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን አርምሞ ሰው ሁለንተናውን በአንድ ማሳ ላይ ማሰሩ ይመስለኛል፤ እንዲህ የታሰረ ሰው በገበያ መካከልም ይሰማልና።

የወጣቱ ደጃፍ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ስሙን ከላፍቶና ከንፋስ ስልክ ማግኘቱን እያሰብሁ ሒሳቤን ከፈልሁ፤ አባቶቻችን ሽቦ ሳይኖር በአየር የሚመጣውን መልእክት ንፋስ ስልክ ብለው ሲሰይሙት፣ ከማይታየው የሚመጣ ቃል ሊሰማ እንደሚችል ለማመን አልተቸገሩም ማለት ነው።

ከላፍቶ ወደ መካኒሳ ስመለስ መንገዱ በሚኒባስ ተጨናንቆ ስለ ነበረ፣ መቶ ጊዜ ሳልረግጥና ሳልለቅ አልቀረሁም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይረግባል፤ በገናው ግን በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ንዝረት ይደረደራል። በቀይ መብራት ቆሜ ስልኬን አውጥቼ የወንድሜን ቍጥር ፈለግሁ።