ምስጋናና ስም

በ1698 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክፈርት ላይ የታተመው የአማርኛ ሰዋስው በርዕስ ገጹ የደራሲነቱን ክብር የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ለሂዮብ ሉዶልፍ። አማርኛውን ያስተማረው አባ ጎርጎርዮስ ከ40 ዓመት በፊት፣ በ1658፣ ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ሰጥሞ ሞቷል።

ሉዶልፍን ሌባ ማለት ግፍ ነው። በ1681 በታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ መምህሩን በስም እየጠራ መስክሮለታል፤ በ1691 ደግሞ ምስሉን ሳይቀር አሳትሞለታል። ሁለቱም መጻሕፍት የወጡት እዚያው ፍራንክፈርት ነው። ዛሬ ስንቱ ተመራማሪ ለአስተርጓሚው ይህን ያህል ያደርጋል?

ነገር ግን ምስጋና የአመስጋኙ ቸርነት ነው። ሉዶልፍ ንፉግ ቢሆን ኖሮ የጎርጎርዮስ ድርሻ ምን ይሆን ነበር?

«ሕጉን ያወጣው ሉዶልፍ ነው፤ ጎርጎርዮስ አፍ የፈታበትን ቋንቋ ተናገረ እንጂ» የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው። ሆኖም ጎርጎርዮስ የቤተ ክህነት ሰው ነበር፤ ከሉዶልፍ ጋር በግእዝ ይጻጻፍ ነበር። የሚጠየቀውን የሚያስረዳ መምህር እንጂ የተገኘ ተናጋሪ አልነበረም።

ስምን መተው ትሕትና ነው የሚለው አባባልም ከብራናው ጋር አይስማማም። ጸሐፊው ራሱን ኃጥእ ይላል፤ ግን «በጸሎታችሁ አስቡኝ» ብሎ ስሙን ይጽፋል። ዛሬ ፍራንክፈርት ውስጥ «እስቲ ይህቺን ትርጉም አየት አድርግልኝ» የተባለው ባለሙያ ግን ሌሊቱን ሙሉ አርሞ ሲያበቃ «ኧረ ምንም አይደል!» ይላል። መጽሐፉ ሲወጣ ስሙን ያጣል፤ ይከፋዋል፤ ለማን እንደሚናገር ግን ግራ ይገባዋል።