ውፍረትን ማሞገስ ይብቃን

ደምበጫ ውስጥ ዘመድ ከዘመድ ቆይቶ ሲገናኝ የመጀመሪያው ሙገሳ «ወፈር ብለሃል፤ ተመችቶሃል» የሚለው ነው። የከሳውን ደግሞ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» እንለዋለን። ክፉ ቀን ደጋግሞ ለጎበኘው ሕዝብ ሥጋ መልበስ የደህንነት ምልክት ነበርና በልማዱ አልፈርድም። ዛሬ ግን ይኸው ሙገሳ ብዙዎቻችንን እያዘናጋ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የከተማ ሴቶች ከአምስቱ የአንዷ ክብደት ከሚገባው በላይ መሆኑን አሳይቷል። በገጠር ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ከዓይናችን የራቀ አይደለም። ከደምበጫ ዙሪያ ቀበሌዎች በርበሬዋን ተሸክማ ገበያ የምትወጣ እናት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። እኛ ከተሜዎቹ፣ የቡሬም እንሁን የፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያ እስከ ቤታችን ዐሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ እንጠራለን።

ስለ ውፍረት የሚጽፉና የሚያስተምሩ ሰዎች «ኃላፊነቱ የራስህ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ነገሩን በዘለፋ ይጀምሩታል፤ ሰነፍ፣ ሆዳም ይላሉ። የተዘለፈ ሰው ይሸማቀቃል እንጂ ለእርምጃ አይነሣም። ከወሊድ በኋላ፣ በሕመም ወይም በሚወስደው መድኃኒት የወፈረም አለ። ሱቁ ውስጥ ያለው የሚረጋው ፓልም ዘይት ብቻ ሲሆን ደግሞ ምርጫችን ይጠባል። ይህን ሁሉ አምኜ ነው በእጃችን ያለውን እንያዝ የምለው። ዘይቱን የሚያመጣው ነጋዴ ነው፤ ድስቱ ውስጥ የምንጨምረው ግን እኛ ነን።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ይህን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠይቃል። እኛ ግን ዘይቱ ካልተንሳፈፈበት ወጡ የበሰለ አይመስለንም። በጾም ቀን እንኳ ቅቤውን ትተን ሽሮውን በዘይት እናጥለቀልቀዋለን፣ ሳምቡሳ እናስከትላለን። እንዲህ ጣዕም እያሳደድን ምኑን ጾምነው? በላዩ የምንጠጣው ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳም 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ አምስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንዳንድ እሑድ መንገዷን ለመኪና እየዘጋች ሕዝቡን ለማስ ስፖርት አስወጥታለች። ለእኛ ከተማ የሚያስፈልገው ከዚያም ያነሰ ነው። ከከተማ መራቅ የሚያሰጋ ከሆነ በሰፈር ውስጥ ተራመዱ፤ ቢሮ በእግር ሂዱ፤ ሱቅ የምትውሉ ደንበኛ ሲጠፋ ቁሙ፣ ተንጎራደዱ። ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁም ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ፤ ግፊት ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን ይጎዳልና።

አባወራዎች ሆይ፣ ለእናንተ የተለየ አደራ አለኝ። በየቤታችን ወጡን የምትሠራው በአብዛኛው ሴቷ ናት። እናንተ ማዕድ ላይ «ይህ ወጥ ዘይት አላየም እንዴ?» ብላችሁ ፊታችሁን ካጠቆራችሁ፣ በማግስቱ ዘይቱ መጨመሩ አይቀርም። ዛሬ ማታ ዘይቱ ቀነስ ያለ ወጥ ሲቀርብላችሁ አመስግናችሁ ብሉ። ነገ ማለዳም ባለቤታችሁን «ነይ፣ አብረን እንራመድ» በሏት፤ የቁርሱን ሥራ ተጋግዛችሁ ጨርሱና ውጡ።