ታኅሣሥ በሰው አገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሴቻ ላይ መጾም ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ኅዳር 15 ሲገባ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ ያቀርባል። ለቅሶ ቤት ብትሄዱ የእድሩ እናቶች የጾሙንና የፍስኩን ድስት ለየብቻ ጥደው ይጠብቋችኋል። ፕሮቴስታንት ጎረቤታችሁ እንኳ ቡና ስትጠራችሁ ለእናንተ ብላ ቅቤ ያልነካው ቆሎ ታቀርባለች። (የጫሞን ዓሣ ነገር ለጊዜው እንተወው፤ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።) ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ደግፎ የያዘው ጾም የእኛ ነው ወይስ የሰፈሩ?

ጥያቄው የሚከብደው ሰፈሩ ሲቀር ነው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ከ1905 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. በርሊን ተቀምጠው ግእዝና አማርኛ አስተምረዋል። በሃይማኖት ነገር የተነሣባቸው ክርክር የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። ዛሬም ከአርባ ምንጭ ሳይቀር ለመማርም ለማስተማርም ጀርመን አገር የሚሄዱ ልጆች አሉን። እስቲ ራሳችሁን በእነሱ ቦታ አስቀምጡ።

እዚያ ልደት የሚከበረው ዲሴምበር 25 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 16፣ ኪዳነ ምሕረት መሆኑ ነው። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሱቁ ይዘጋል፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ዝይ ይጠበሳል። እናንተ ገና ለገብርኤል እንኳ አልደረሳችሁም። የእኛው ልደት ጃንዋሪ 7 ሲመጣ ደግሞ እነሱ የገናውን ዛፍ አውጥተው ጥለዋል፤ እናንተም ክፍል ገብታችሁ ታስተምራላችሁ። ኮሎኝ ያለው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያናችን ለቀረበው እሰየው ነው፤ ለራቀው ግን ቅዳሴው በሐሳብ ነው።

እንግዲህ በዚያ በታኅሣሥ 16 ቀን አከራያችሁ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ በር አንኳኩተው ሽቶለን ይዘውላችሁ መጡ እንበል። ሽቶለን በቅቤ የራሰ፣ ዘቢብ የሞላበት፣ ስኳር የተነሰነሰበት የገና ዳቦ ነው። በገዛ እጃቸው ጋግረውታል። ከሴቻ ማንም አያያችሁም። ትበላላችሁ?

«ፍቅር ከጾም ይበልጣል» ብሎ የሚበላ አለ። ቃሉ እውነት ነው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ሆዳችን ሲፈልግ መሆኑ ነው። ኃጢአት እንደ ቀረበለት ሳህኑን ገፍቶ ፊቱን የሚያዞርም አለ። እኔ እሱን ከበላው ይልቅ እፈራለታለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 14ኛ ምዕራፍ የማይበላው በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስጠነቀቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ደግሞስ በምን እንመካለን? ሽቶለን ራሱ ዱሮ የጾም ዳቦ ነበር! እነሱም ከልደት በፊት ይጾሙ ስለ ነበር ቅቤ አይገባበትም፣ በዘይት ነበር የሚጋገረው። የሳክሶኒ መሳፍንት ቅቤ ይፈቀድልን ብለው ሮምን ለመኑ፤ በ1491 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ ፈቀዱ። ጾሙ በአንድ ቀን አልፈረሰም። ፈቃድ በፈቃድ ላይ እየተደረበ፣ ዘመኑም እየተለወጠ ሄዶ ሄዶ ቀረ። «ዛሬን ብቻ» እያልን እኛም በልባችን ስንት ጊዜ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ጽፈናል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሰፈሩ ደግፎን መጾማችን አያሳፍርም። የዓዋጅ ጾም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በአንድነት የምትጾመው ነው። በርሊን ብቻውን ሽሮውን የሚያማስለው መምህርም ከሴቻ እናቶች ጋር እየጾመ ነው፣ ባያዩትም። ብቻውን እንዳልሆነ ካመነ ሳህኑን የሚገፋበት ቁጣ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ዳቦውን በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ። አሮጊቷን አስቀምጧቸው፣ ሰዓቱ ከደረሰ ቡናውን ያለ ወተት አብራችኋቸው ጠጡ፣ የእኛ ልደት ገና 13 ቀን እንደሚቀረው ንገሯቸው። ሽቶለን በደንብ ከተጠቀለለ ሳምንታት ይቆያል። ጃንዋሪ 7 ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ቁረሱት፣ ቡና አፍሉ፣ ከዚያ እናንተ ደግሞ በተራችሁ የእሳቸውን በር አንኳኩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።