ሽሽት ምርጫ ይባላልን?

ኩየራ ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ድንችና ስንዴ የሚመረትበት ለም መሬት ቢሆንም፣ ስሟ የሚነሣው ከእርሻው ይልቅ በትምህርት ነው፤ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያስተማረችባት ከተማ ናትና። በዚህች የትምህርት ከተማ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ናቹራል ወይስ ሶሻል? ልጁ አንዱን ይናገራል፣ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ይሰፍራል፣ እኛም «መረጠ» እንላለን። የዚህ ሐተታ ጥያቄ ልጁ በእርግጥ መርጧል ወይ የሚለው ነው።

መምረጥ የሚፈልጉትን ዐውቆ ወደዚያ መሄድ ነው። መሸሽ ደግሞ የሚፈሩትን ዐይቶ ከዚያ መራቅ ነው። ሁለቱም እግርን ያንቀሳቅሳሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ከደረሱ በኋላ ነው። የመረጠ ሰው የደረሰበትን ቦታ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሸሸ ሰው ግን የሚያውቀው የተነሣበትን ብቻ ነው።

ሶሻል የገቡትን ብዙዎች «ለምን?» ብንል መልሳቸው «ሒሳብና ፊዚክስ ስለሚከብደኝ» ነው። ታሪክን ስለ ወደደ፣ የገበያ ዋጋ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ መረዳት ስለ ፈለገ የገባው ጥቂት ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ የሸሸው ነገር ቀርቶለት እንደ ሆነ እንይ። ፊዚክስ በእርግጥ ቀርቶለታል። ሒሳብ ግን አልቀረለትም፤ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሶሻሉም ሒሳብ ካልኩለስ አለው፣ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ ይጠብቁታል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሒሳብ ራሱን ችሎ አለ፤ የአፕቲትዩድ ፈተናውም ከግማሽ ጎኑ የቁጥር ማሰላሰል ነው። ኢኮኖሚክሱ ግራፍ ያስነብባል። ጂኦግራፊው ካርታ አስዘርግቶ ስኬል ያሰላል።

ሌላም አለ። የኩየራ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆናል። ፎርሙላ በየትኛውም ቋንቋ ያው ፎርሙላ ነው። የታሪክ ጥያቄ ግን ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዲት ቃል ካመለጠች መልሱ አብሮ ያመልጣል። ስለዚህ «በቃል ይያዛል፣ ይቀላል» የተባለው መስክ በቋንቋ በኩል ከባዱ ሆኖ ይገኛል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ይህን በቁጥር አሳይቷል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። በመስክ ሲከፈል ከናቹራል 6.8 ከመቶ፣ ከሶሻል ደግሞ 1.3 ከመቶ አለፉ። ከተፈታኙ ከግማሽ በላይ የሆነው ሶሻል ነበር፤ ካለፉት ግን ሩብ እንኳ አልሞላም። ብዙው ሰው የሮጠው ወደ ጠባቡ በር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ ይቃወመኛል፦ «ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ተማሪዎቹ እንጂ ስለ መስኩ አይደለም፤ ጎበዞቹ ናቹራል ስለሚገቡ ነው።» እውነት ነው። ነገር ግን ተቃውሞው ነገሬን ያጠናክረዋል። ጎበዞቹ ለምን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሄዱ? ታሪክና ሕግ ጎበዝ አይፈልጉምን? ናቹራል የሚገባውም ቢሆን እኮ ብዙ ጊዜ ሸሺ ነው፤ የሚሸሸው ሐሜት ነው። «እንዲህ ጎበዝ ሆኖ ሶሻል ይገባል?» የሚል አጎት በየቤቱ አለ። መንግሥትም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ሲያደርግ፣ የአጎትየውን አስተያየት ፖሊሲ አድርጎ አጸናለት። እንዲህ ሆኖ የመስክ ምደባ የዕውቀት ክፍፍል መሆኑ ቀርቶ የልጆች ደረጃ ማውጫ ሆነ። «ደካማ ነህ» ተብሎ የተላከ ልጅ ደካማ ውጤት ሲያመጣ ትንቢቱ ተፈጸመ እንላለን፤ ትንቢቱን የተናገርነውም ያስፈጸምነውም እኛው ነን።

ዓለም ራሷ በዚህ መስመር የተከፈለች እንዳልሆነች ለማየት ከኩየራ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ሰሜን በባቱ መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዙ የአብያታ ሐይቅ አለ፤ ውኃው ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ትቷል። ለምን? ከሐይቁ ሶዳ አሽ ለማምረት ውኃ ሲሳብ ኖሯል፤ ይህ ኬሚስትሪ ነው። አብያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣ ነው፤ ከላይ ለመስኖ ውኃ ሲቀዳ ከታች ይጎድላል፤ ይህ ጂኦግራፊ ነው። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡትና ምግባቸውን ከአብያታ የሚያመጡት ፔሊካኖች ተቸገሩ፤ ይህ ባዮሎጂ ነው። ውኃው ለአበባ፣ ለሽንኩርት፣ ለፋብሪካ ወይስ ለሐይቁ ይሁን የሚለው ደግሞ ኢኮኖሚክስና ሕግ ነው። ግማሹን ትምህርት ንቆ የተማረ ሰው ለዚህ ሐይቅ ግማሽ መልስ እንኳ አይኖረውም።

«ታዲያ ሁሉም ሁሉን ይማር?» ቢባል፣ አይቻልም። ቀን አጭር ነው፣ መምህርና ላቦራቶሪም ውስን ናቸው። መከፋፈሉ ለፕሮግራም ያስፈልጋል። ስሕተቱ የክፍለ ጊዜውን አጥር የአእምሮ አጥር አድርጎ መውሰድ ነው። የአድቬንቲስት የትምህርት ፍልስፍና አእምሮን፣ እጅንና ልብን አብሮ ማሠልጠን ይላል፤ ሃይማኖቱን የማይከተል ሰውም ከዚህ አንድ ነገር ይወስዳል፤ ሰው ተከፋፍሎ እንደማይማር።

እንግዲህ ምርጫ በምን ይለይ? «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ አይረዳም፤ የ16 ዓመት ልጅ ሐኪምን የሚያውቀው በጋውኑ ነው። «በምን ጎበዝ ነህ?» የሚለውም አይበቃም፤ የ10ኛ ክፍል ውጤት ብዙ ጊዜ መምህሩን ነው የሚለካው። የተሻለው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ ተሳስተህ ደግመህ ለመሥራት የማትሰለቸው የትኛውን ነው? በየትኛውም መስክ መሳሳት አይቀርምና፣ መስኩ የእርሱ መሆኑ የሚታወቀው በትክክሉ ሳይሆን በስሕተቱ ነው። የፊዚክስ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ አራተኛውን የሚሞክር ልጅ ናቹራል ይግባ። ሁለት መጻሕፍት ስለ አንድ ጦርነት የተለያየ ነገር ሲነግሩት እንቅልፍ የሚያጣ ደግሞ፣ ደረጃው አንደኛ ቢሆንም፣ ሶሻል ይግባ፤ ማንም አይዘንለት።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ከምዝገባው በፊት የሁለቱንም መስክ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት ለልጁ አቅርቡለት። ከየአንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ያንብብ፣ ጥያቄዎቹን ይሞክር፣ ይሳሳትም። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ስሙት፤ የማትስማሙበት ቢሆን እንኳ እሱ ምርጫ ነው።